የሪሞት መኪናዋ ለምን ትገለበጣለች? ከመመለስዎ በፊት ይለኩ

ለልጃችን ባር ሚጽቫ በኢንተርኔት የገዛነው የሪሞት መኪና ኔቬ ያዕቆብ በደረሰ በሁለተኛው ቀን አሳፈረን። አስፋልት ላይ ደህና ይሄዳል፤ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ጠጠራማ ቁልቁለት ላይ ግን በታጠፈ ቁጥር ይገለበጣል። 600 ሼቄል ያወጣንበት ስለሆነ «ተበላሽቶ ነው የመጣው፤ እንመልሰው» ተባባልን።

መብቱ አለን። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ከአገር ውስጥ ነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በእጃችን በገባ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ነጋዴው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሊቆርጥ ይችላል፤ በእኛ ሂሳብ 30 ሼቄል ማለት ነው። ጉድለት ካለበት ግን አይቆርጥም። ስለዚህ ጉድለቱን ከማስተካከያ ጉዳይ መለየት ያስፈልጋል።

በነርስነት ሥራችን የደም ግፊት ሳንለካ ስለ መድኃኒት አንናገርም። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ከተለወጠም የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። በመኪናውም ላይ ይህንኑ ሠራን፦ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ መሞከር፣ ደብተር ላይ መጻፍ።

1. ቁመት። ባትሪው እንደገባ መኪናውን ከ20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይልቀቁት። ሲረጋጋ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ወደ አግድም ከተጠጉ ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ከፍ ካለ በቀላሉ ይገለበጣል፤ በጣም ዝቅ ካለ ሆዱ ድንጋይ ይመታል። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ሞላውን (ስፕሪንጉን) የሚጫን ቀለበት አለ፤ ሲጠብቅ መኪናው ከፍ፣ ሲላላ ዝቅ ይላል። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን።

2. አሞርዛተር። ዘይት ያለበት ንዝረት ማብረጃ ነው። መኪናው ሲለቀቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ፈስሷል። አዲስ ዕቃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ካዩ ጉድለት ነው፤ ፎቶ አንሥተው ለነጋዴው ይላኩ እንጂ አይፍቱት። ወደፊት ዘይት ሲቀይሩ ለዚሁ የተሠራ የሲሊኮን ዘይት ይጠቀሙ፤ የሞተር ዘይት የላስቲኩን ማኅተም ሊያበላሽ ይችላል።

3. ሞላ። ሲታጠፍ ኋላው የሚንሸራተት ከሆነ ለኋላው ለስላሳ ሞላ ያድርጉ። መሪው ዞሮ መኪናው አልታጠፍ ካለ ደግሞ የፊተኛውን ያለስልሱ። ይህን የሚሞክሩት ቁመቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

የእኛ መኪና ዘይት አላፈሰሰም። ከፊት ያሉት ቀለበቶች ግን ግራና ቀኛቸው እኩል አልነበሩም፤ አራቱም ከልክ በላይ ጠብቀው ነበር። አላላናቸው፤ ልጃችን በዚያው ቁልቁለት ሞከረው። በዝግታ ሲታጠፍ መገለበጡን ተወ፤ በሙሉ ፍጥነት ግን አሁንም ይገለበጣል። አልመለስነውም፤ ያወጣነውም ሳንቲም የለም።

ገና ለሚገዙ፦ አሞርዛተሩ ዘይት ያለው መሆኑን፣ ቁመቱ እንደሚስተካከልና መለዋወጫው ለብቻው እንደሚሸጥ አስቀድመው ይጠይቁ። ብዙ ርካሽ መጫወቻዎች ሞላ ብቻ እንጂ ዘይት የላቸውም፤ እነሱን ማስተካከል አይቻልም።

ልጅዎ ይህን ሥራ ከወደደ ደብተሩን እሱ ይያዝ። ሙሳክ ውስጥ መካኒኩ የቤተሰቡን መኪና ጥግ ተጭኖ ሲለቅና ንጥረቱን ሲመለከት የሚያደርገው ያንኑ ፈተና ነው።