የምግብ ቤት በርና የቁልፍ አጠባበቅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ የምግብ ቤት ባለቤት ስለ በሩ የሚያስበው ብዙውን ጊዜ ንብረቱ ከጠፋ በኋላ ነው። እንግዳ የሚገባበትን የፊት በር ብዙ ዓይን ይጠብቀዋል፤ ዕቃ የሚገባበትና ቆሻሻ የሚወጣበት የጓሮ በር ግን ተመልካች የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አስቀድሞ መደንገግ ይገባል። አንደኛ፥ ዕቃ የሚገባበት ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ ተረካቢውም መዝኖና ከደረሰኙ ጋር አመሳክሮ ይረከብ፥ በሩንም ወዲያው ይዝጋ። ሁለተኛ፥ የዕቃ ቤቱና የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይሁን፤ ቁልፍ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ላይ በፊርማ ይሰጥ። ሦስተኛ፥ ቁልፍ የያዘ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ቅጂ ሊኖር ይችላልና መቆለፊያው ይለወጥ። በሩ በኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚከፈት ከሆነ፥ ካርዱ በዚያው ዕለት ይሰረዝ።

ዳሩ ግን ጥንቃቄው ራሱ ሰው የሚያጠፋ እንዳይሆን ያስፈልጋል። በኅዳር ወር 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) በአሜሪካ በቦስተን ከተማ «ኮኮናት ግሮቭ» በሚባለው የምግብና የጭፈራ ቤት እሳት በተነሣ ጊዜ 492 ሰዎች ሞቱ። ተሽከርካሪው ዋና በር በሚሸሸው ሕዝብ ታፍኖ ቆመ፤ ከሌሎቹም በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው፥ አንዳንዶቹም ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ የመውጫ በር ከውጭ ያለ ቁልፍ የማይከፈት፥ ከውስጥ ግን ገፋ ሲያደርጉት ያለ ቁልፍ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ይኸው ሥርዓት ሱቅና መጋዘን ላለው ነጋዴም ያገለግላል። የጠፋ ንብረት በንግድ ይተካል፤ የሰው ነፍስ ግን አይተካም።