የኮሶዬ ወጣት ኑሮና የነፍስ አባቱ
ከኮሶዬ ገደል አፋፍ ቆሞ ቆላውን ቍልቍል የሚመለከት ወጣት የሚያየው የአገሩን ውበት ብቻ አይደለም፤ እንጀራውንም ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት ከተደለደለ ወዲህ የተወለደው ብዙው ልጅ ከወንድሞቹ ጋር የአባቱን ማሳ ከመካፈል በቀር ድርሻ የለውምና፥ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ሲመለስ ግን እኛ ካህናት ቅዳሴ ስለ ማስታጐሉ እንወቅሰዋለን እንጂ፥ ወባ ይዞት እንደ ሆነ፥ ደመወዙንም ተቀብሎ እንደ ሆነ አንጠይቀውም። እኔም፥ በቆሎ ተማሪነቴ የገበሬ ቤት ያሳደገኝ ሰው፥ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲጠይቅ ሊቃውንቱ እንዳደመጡት ሉቃስ ጽፎልናል። እንግዲህ የነፍስ አባት ቀኖና ከመስጠቱ አስቀድሞ የወጣቱን ኑሮ ይስማ፤ ወደ ቆላ ሲወርድም በጸሎት ይሸኘው፤ በዚያ ላለው ካህንም በደብዳቤ አደራ ይበልለት።