ቡና ያቀረበችልሽን ልጅ ስሟን ታውቂያለሽ?

ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ። ሐሙስ ማታ የሰፈራችሁን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ልትጀምሪ ነው አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን እኔ አንቺን አውቅሻለሁና ከመሄድሽ በፊት ጥቂት ነገር ልንገርሽ። ፊትሽን አታጥቁሪብኝ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ ሰዓት። 12፡00 ከተባለ 12፡00 ነው። የምትሄዱት ሰው ቤት ነው፤ ልጆች ያስተኛሉ፣ ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ጸጉርሽን ረቡዕ ተሠሪና ጨርሺ።

ሁለተኛ፣ ምዕራፉን ቤትሽ አንብበሽው ሂጂ። ስልክሽ ላይ ብታነቢውም ግድ የለኝም፤ ብቻ ኢንተርኔቱን አጥፊው። የ1954ቱ ትርጉም ሲከብድሽ አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን እዪው፣ ያፍታታልሻል። ያኔም ካልገባሽ ጠይቂ እንጂ የገባሽ መስለሽ ራስሽን አትነቅንቂ። የኛው ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬን ገንዘብ ሁሉ በእጁ የያዘ ትልቅ ሹም ነበር። ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ይገባሃል ወይ ቢለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ብሎ ወደ ላይ አወጣውና አጠገቡ አስቀመጠው። እንደዚያ ያለ ሹም ካላፈረ አንቺ ምን ያሳፍርሻል?

ጥቅስ እየቆረጡ መብላትም ይቅርብሽ፣ እናቴ። ኤርምያስ 29 ላይ ያለችውን የተስፋ ቃል ለምረቃ ፎቶሽ እንደለጠፍሻት አይቻለሁ። ታምራለች። ግን ከፍ ብለሽ አንብቢ፤ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለተማረካችሁበት ከተማ ሰላም ጸልዩ፣ የምትመለሱት 70 ዓመት ሲሞላ ነው ይላቸዋል። ይህን ስታውቂ ቃሉ ከፎቶ ጽሑፍነት አልፎ፣ ነገር ሲዘገይብሽ የምትደገፊበት ምርኩዝ ይሆንልሻል።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኛ ቡድን የፊልሞናን መልእክት አጠና። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ናት፤ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ጳውሎስ እስር ላይ ሆኖ የጻፋት ለፊልሞናና በቤቱ ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ነው። ልብ በይ፣ እንደ እናንተው ሰው ቤት የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ነው። ከፊልሞና ተለይቶ ሄዶ ጳውሎስ ዘንድ አመነ። ጳውሎስ ሲመልሰው ታዲያ ፊልሞና እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነለት፤ ያጎደለው ነገር ካለም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ዋስ ሆነው።

እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ይቅርታና ስለ ፍቅር ተናገርን። ደስ የሚል ነገር ተባለ። ያን ሁሉ ጊዜ የቤቱ ሠራተኛ ቡና ቀዳች፣ ቆሎ አዞረች፣ ስኒ ሰበሰበች፣ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ማናችንም ተቀመጪ አላልናትም። በመጨረሻ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ፣ እንዳንቺ ዝም የማትል ልጅ፣ «እሷስ?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። የቤቱ እመቤት ዓይኗ እንባ ሞላ።

በሳምንቱ ልጅቷ መካከላችን ተቀምጣ አነበበች። ፊደል እየቆጠረች ነበር የምታነበው፤ እኛም ጠበቅናት። ከዚያ የማታ ትምህርት ተመዘገበች፤ እንዳይጋጭባት የጥናታችንን ቀን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ለስኒ ማጠቡም ተራ ወጣለት፤ ወንዶቹም ገቡበት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ይህን የሚያህል ግን የለኝም።

ስለዚህ የኔ እመቤት፣ ጥናቱ ሲያልቅ «ምን ተማርን?» ተባብላችሁ አትነሡ። «ለማን? መቼ?» በይ። ስም ጥሪ፣ ቀን ቁረጪ። የታመመችውን ጎረቤት ማክሰኞ እጠይቃታለሁ፤ ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆኖናል፣ እሑድ እደውልለታለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ «አደረግሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅሽ አንድ ሰው ይኑርሽ። ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው፣ ፊቱን በመስታወት አይቶ ወዲያው ከሚረሳ ሰው ጋር አመሳስሎታል። አንቺ መስታወት ፊት ምን ያህል እንደምትቆሚ ስለማውቅ ይህ ይገባሻል።

አፍሽን ያዢ ደግሞ። «ጸልዩልኝ» ተብሎ የተነገረ ነገር ከዚያ ቤት አይወጣም፤ «ጸልዩላት» ተብሎም አይወጣም። እኔ አንድ ጊዜ የአንዲት እህትን ጭንቀት ለጸሎት ብዬ ለሌላ ሰው ነገርኩ። ዞሮ ጆሮዋ ገባ፤ ከቡድኑ ቀረች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ያወጣሁትን ቃል ግን መመለስ አልቻልኩም። በደርግ ዘመን፣ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ነበር ቃሉን የሚያጠኑት። አንዱ የሌላውን ምስጢር ባይጠብቅ ሁሉም እስር ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ቁጥራቸው ከተዘጋበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ።

«ጌታ ሚስቴ ነሽ ብሎኛል» የሚል ወንድም ከመጣ፣ ጌታ ላንቺም እስኪነግርሽ ይጠብቅ፤ ለእኔ ግን በዚያው ምሽት ደውዪ። ገንዘብ አምጪ የሚል «ራእይ» ከመጣም እንደዚያው።

የግቢ ጉባኤ ከምትማረው ኦርቶዶክስ ጓደኛሽ ጋር መጽሐፍ ቆጠራ አትግጠሚ። የእነሱ 81፣ የእናንተ 66፤ ፊልሞና በሁለቱም ውስጥ አለች። ቡና አፍልታችሁ እሷን አብራችሁ አንብቡ።

በይ ተነሺ አሁን፣ መሸ። ሐሙስ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺና ሳሎን ከመቀመጥሽ በፊት ማድ ቤት ግቢ። ቡና የምታፈላውን ልጅ ሰላም በያት፣ ከየት እንደመጣች ጠይቂያት፣ ወንበር አምጪላት። ዓርብ ስትደውዪልኝ መጀመሪያ የምጠይቅሽ የልጅቷን ስም ነው።