ማስታወሻን ስለ መካፈል
ለዩኒቨርሲቲ ወጣቶችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርደው መንገድ በጨፋ ሸለቆ ሲያልፍ፣ በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶች በቦርከና ዳር ባለው ለምለም ሣር ላይ ተሰማርተው ይታያሉ። ግጦሹ የብዙዎች ነው፤ ሥርዓት ሲጓደልበት ግን ጠብ ያመጣል። በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው በዘመናችን ወጣቶች እጅ ያለውን ሌላ የጋራ መስክ ነው፤ ይኸውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቴሌግራም አማካይነት እያዘጋጁ የሚለዋወጡት የጥናት ጽሑፍ ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የሚማሩ ልጆቻችን የመምህራንን ማስታወሻ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችንና ራሳቸው የጻፏቸውን ማጠቃለያዎች በየትምህርት ክፍላቸው ቡድን ያኖራሉ። ይህ ነገር በተለይ ለከሚሴና ለአካባቢዋ ልጆች ትልቅ እርዳታ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ያገኙታል። ስለዚህ አንዱ የገባውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ በድምፅ ቀርጾ ለጓደኞቹ ሲልክ፣ መጽሐፉ ያልሰጣቸውን እርሱ ሰጣቸው ማለት ነው። በዚያውም ላይ ለማስረዳት ሲል ነገሩን ደግሞ ይማረዋል። ስታስተምሩ የኖራችሁ ካቴኪስቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ተማሪዎች ጽሑፎቹን በፍላሽና ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፉ ነበር። መረቡ ቢጠፋም መካፈሉ አልቀረም።

ነገሩ በመሠረቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ለታናሹ እያቀጸለ ነው የተማረው። እዚሁ በደዋ ጨፋ፣ በተራራ ላይ ባለችው በሾንኬ፣ በሼህ ጀውሃር ዘመን ደረሳዎች ከሩቅ እየመጡ ኪታብ ይቀሩ ነበር፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ይህን በክብር ያስታውሱታል። የእኛው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍትን ሲመረምሩ ኖረው፣ ያገኙትን ለራሳቸው አላስቀሩትም። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ሆነው ለአገሩ ሕዝብ የሚስማማ ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ ተማሪዎችንም አስተማሩ። በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነታቸው በእስር ሳሉ አረፉ።

ቤተ ክርስቲያን የምድር በረከት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ታስተምራለች፤ እውቀትም ከዚህ በረከት አንዱ ነው። ስለዚህ ድሀው ተማሪ የመጽሐፍ ዋጋ ስላጣ ብቻ ከትምህርት ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚደክም ወጣት፣ ባያውቀው እንኳ የፍቅር ሥራ እየሠራ ነው። ነገር ግን ሰባተኛው ትእዛዝ ስርቆትን፣ ስምንተኛው ሐሰትን የሚከለክሉት በስልክ ውስጥም ጭምር ነው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅምና ለማስተማር በልክ መቅዳትን ይፈቅዳል፤ የሰውን ድካም በራስ ስም ማቅረብን ግን አዋጁም ኅሊናም አይፈቅዱም።

አንድ ወጣት በዕረፍት ወራት ወደ እኛ መጥቶ ያጫወተንን እናንሣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ታናናሾቹ እንዲማሩበት ብሎ በቡድኑ አኖረው። በዓመቱ ሌላ ተማሪ ስሙን ብቻ ለውጦ አቀረበውና አለፈበት። ልጁ ያዘነው በመሰረቁ ብቻ አልነበረም። «አባ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም» አለን። እኛም ወዲያው የምንመልስለት አጣን። አንድ ሌባ የብዙዎችን ማዕድ ይዘጋልና። በኋላ የነገርነው ይህን ነበር፦ መስጠትህን አትተው፤ ነገር ግን ስምህንና ቀኑን ጻፍበት፣ ከማን እንደ ተማርህም አመልክት፣ የሰረቀህንም ብቻውን አግኝተህ ገሥጸው። አደረገው አላደረገውም እስካሁን አልነገረንም።

ሌላው አደጋ ስሕተት ነው። አንዱ በችኮላ የሠራው መልስ ሳይመረመር ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል፤ መቶው ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ይዞ ፈተና ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ሲሰጥ፣ ከ150 ሺህ ያህል ተፈታኞች ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ የትምህርቱ ጥራትም አለበት። ቢሆንም መልስ መሰብሰብን መማር ያስመሰለ ልማድ ድርሻ የለውም ለማለት አንደፍርም። በጥር 2017 ዓ.ም. ሁለት የቫቲካን ጽሕፈት ቤቶች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወጡት ሰነድ፣ ተማሪው ራሱ አስቦ እንዲደርስበት ከማገዝ ይልቅ የተዘጋጀ መልስ ብቻ የሚያቀብሉ መሣሪያዎች ማሰብን እንዳያዳክሙ አስጠንቅቀዋል።

ለካቴኪስቶቻችን የምናሳስበው እንግዲህ ይህ ነው። ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመለሱ በቁምስናው አዳራሽ ሰብስባችሁ፣ ስልካቸውን ከመንቀፋችሁ በፊት ያዘጋጁትን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከዚያም በእነዚህ ጥያቄዎች አወያዩአቸው፦ ካኖርኸው ጽሑፍ የራስህ ድካም የትኛው ነው? የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ስሙን ያስቀረኸው አለን? ስሕተት ስታገኝ ለቡድኑ ታስታውቃለህ ወይስ ዝም ትላለህ? ስልክ የሌለው ጓደኛህስ እንዴት ይደርሰዋል?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ውይይቱ የሚሞቀው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ስብሰባ ልጆቹ ራሳቸው ተመካክረው ማጠቃለያዎቹን በወረቀት አሳትመው በቁምስናው ቤተ መጻሕፍት አኖሩ፤ ከጎረቤት የሚመጡ የሙስሊም ቤተ ሰቦች ልጆችም ያነቡታል።