አሳዳሪና ሞግዚትን አስቀድሞ ስለ መምረጥ

በሰቆጣ ከተማ ወይም በዋግ ኽምራ ደጋ የሚኖር አባት ስለ ሀብቱ አስቀድሞ ያስባል። ለንቡ ቀፎ ይሰቅላል፥ ከብቱን ለታመነ እረኛ ይሰጣል፥ ክረምት ሳይገባ የቤቱን ጣራ ያድሳል። እርሱና ሚስቱ ቢሞቱ ልጆቻቸውን ማን እንደሚያሳድግ ቢጠየቅ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይመልሳል። እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ ዳኛውና ዘመዱ ግን የሚያውቁት ወላጅ ሲነግራቸው ነው።

ብዙ ሰው ስለ ሞቱ መናገርን እንደ ሟርት ስለሚቈጥረው ዝም ይላል። ነገር ግን ለዋግ ሰው ሞት በድንገት እንደሚመጣ መንገር አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ ከዚህ አገር ተነሥተው ወደ ኮረም ከወረዱት ብዙዎች በዚያው ተቀበሩ፥ ልጆቻቸውም ቀሩ። ረኃብን ኑዛዜ አያስቀረውም፤ ሆኖም ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቅ ልጅና የማያውቅ ልጅ አንድ አይደሉም። ጌታችንም በመስቀል ላይ በጭንቅ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። ለደቀ መዝሙሩ ብቻ አልነገረም፤ ለእርስዋም ነገራት። እንደዚሁ አደራ ተቀባዩም ልጁም ነገሩን ከወላጅ አፍ ሊሰሙ ይገባል።

እንግዲህ ሕጉ የሚለውን እናስተውል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 79፥ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በአሳዳሪና በሞግዚት ሥር ያኖረዋል። አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ይህ ሥራ የሁለቱም ነው፤ አንዱ ቢሞት ለቀረው ይሆናል፤ በመጨረሻ የሚሞተውም የሚተካውን ሰው በኑዛዜ ሊሰይም ይችላል። ማን ቀድሞ እንደሚሞት ስለማይታወቅ ባልም ሚስትም ይናዘዙ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ አይጸናምና፥ ፍቅራቸው ይህን ስሕተት አያሠራቸው።

አሳዳሪና ሞግዚት የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ሰው ያደባልቃቸዋል። አሳዳሪ የልጁን ሰውነት የሚጠብቅ፥ የሚያስተምርና የሚቀጣ ነው፤ ሞግዚት ደግሞ ስለ ንብረቱ በልጁ ፈንታ የሚቆም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፥ ወራሽ ሕፃን ሳለ አባቱ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ በጠባቂና በመጋቢ ሥር እንደሚኖር ያስረዳል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሥራ ሊይዝ ይችላል፤ ግን ግድ አይደለም። ልጆቹን እንደ ዓይንዋ ብሌን የምትወድ አያት የእርሻውን ኪራይና የከብቱን ቍጥር መከታተል ቢያቅታት፥ እርስዋ ታሳድግ፥ ሒሳቡን ለሚያውቅ ለታመነ ሰው ሞግዚትነቱ ይሰጥ።

ወላጅ ሳይሰይም ከሞተ ሕጉ አያቶችን፥ ያደጉ ወንድሞችንና እኅቶችን፥ አጎቶችንና አክስቶችን ይፈልጋል። የክርስትና አባት በወላጅ ቃል ካልተሰየመ በአበ ልጅነቱ ብቻ ሞግዚት አይሆንም። በምርጫ ጊዜም እጅግ የሚያሳስተን ክብር ነው። ታላቁ አጎት ይቀየማል ብለን ልጆቻችንን ለማይወዳቸው ሰው እንሰጣለን፤ ወይም በአዲስ አበባ ባለጠጋ ዘመድ አለን ብለን ከሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ሰው እንጠራለን። መርዶክዮስ ወላጆችዋ የሞቱባትን አስቴርን አሳደገ፤ ወደ ንጉሥ ቤት ከተወሰደች በኋላም ደኅንነትዋን ያውቅ ዘንድ ዕለት ዕለት በአደባባዩ ፊት ይመላለስ ነበር። እኔ በአሳዳሪ ዘንድ የምፈልገው ይህን መመላለስ ነው፤ ሀብትስ ቢኖር መልካም፥ ባይኖርም ይቅር።

አንድ ሰው ብቻ መሰየምም አይበቃም። ይህን ለማየት ከመንደራችን ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥት እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፥ በ1901 ዓ.ም.፥ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ሞግዚትና እንደራሴ ሾሙላቸው። ምርጫው በአዋጅ የተነገረ ነበር። ነገር ግን ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በስፍራቸውም ሌላ ሞግዚት ሳይቆም ወጣቱ ልዑል ያለ ጠባቂ ቀረ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ለመውረዱ ብዙ ምክንያት አለ፥ ሁሉንም በዚህ ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ንጉሠ ነገሥት እንኳ ሁለተኛ ስም ካስፈለገው፥ የሰቆጣ ነጋዴማ እንዴት አያስፈልገው!

በቋንቋችን ኃጢአትን ለካህን መንገርም ስለ ልጅና ስለ ንብረት ቃል መስጠትም ኑዛዜ ይባላል፤ ስለዚህ በሞት አልጋ አጠገብ የነፍስ አባት ሲቀመጥ ሁለቱም ተፈጽመዋል ብሎ የሚያስብ አለ። ሞቱ የቀረበ ሰው በቃል ሲናዘዝ ሕጉ ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል፤ ካህኑ አንድ ሰው ነው። በቃል ኑዛዜ ሰፊ ርስት ማከፋፈል አይቻልም፤ የሕፃናትን አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም ግን ይቻላል። ሕመምተኛው ቢድን፥ ሦስት ወር ካለፈ ያ ቃል ይሻራልና በጽሑፍ ያድርገው። በራሱ እጅ የሚጽፍ ሁሉንም በእጁ ይጻፍ፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጥ ይናገር፥ ቀንና ፊርማ ያኑርበት። ሌላ ሰው የሚጽፍለት ከሆነ በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ። አማርኛን አጥርቶ የማይሰማ ሽማግሌም በኽምጣና እንዲተረጐምለት ያድርግ፥ ያልገባውን ቃል አይፈርም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የምትመርጡትን ሰው ጠይቁት። በአደባባይ አይሁን፥ በሰው ፊት እንቢ ማለት ያሳፍራልና። በቤቱ፥ ሚስቱም ባለችበት ጠይቁት፤ እንጀራውን የምትጋግረው እርስዋ ናትና። ቢያመነታ አትቀየሙት፥ ስለ እውነቱ አመስግናችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። የእርሻውን የይዞታ ደብተር፥ የከብቱን ቍጥር፥ ያላችሁን ዕዳና ያበደራችሁትን ጽፋችሁ ከኑዛዜው ጋር አኑሩ፤ የተሰየመው ሰው ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ስሙን ለውጡ። ወረቀቱ በሣጥን ቢቈለፍም ሣጥኑ የት እንዳለና ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ከምስክሮቹ አንዱ ይወቅ።