እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ልጆች ሆይ፤ አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ይተርታሉ። ይህ ምሳሌ በክረምት ወንዝ ለመሻገር ለሚደፍር ሰው ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ውሃው አስቀድሞ ቁርጭምጭሚቱን ይነካዋል፤ ቀጥሎም ወደ ጉልበቱ ይደርሳል፤ ሰውዬው «ይህስ ምን ያደርገኛል?» እያለ ሲስቅ ወገቡን ይዞ ይወስደዋል። በወንዝ እውነት የሆነው ነገር በባሕር ደግሞ እጅግ የበለጠ እውነት ነው።

ከእናንተ ብዙዎቹ ባሕርን አላያችሁምና አስቀድሜ ጠባዩን ልንገራችሁ። በሩቅ ባሕር ላይ ነፋስ ሲነፍስ ማዕበል ይነሣል። ማዕበሉም ወደ የብስ ቀርቦ ውሃው ጥልቀት ሲያጣ ይሰበርና ነጭ ዐረፋ ይሆናል። በዚያ ስፍራ ዓሦች ምግብ ፍለጋ ይመጣሉና ዓሣ አጥማጆች በእግራቸው ወደ ውሃው ገብተው መንጠቆአቸውን ይጥላሉ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ነገር ግን ጥንቃቄ የሌለው ሰው ዓሣ አጠምዳለሁ ሲል ራሱ ይጠመዳል።

አደጋው ከወዴት ይመጣል? ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ወደ ባሕር መሄድ አለበት። ስለዚህ በአሸዋው ጉብታ መካከል ዝቅ ያለ መንገድ ሲያገኝ በዚያ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። በዚያም መንገድ ላይ ማዕበሉ እምብዛም አይሰበርምና ውሃው ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ሆኖ ይታያል። ያላወቀ ሰው «ማዕበል በሌለበት ልግባ» ይላል፤ የገባበት ግን ከሁሉ የሚያስፈራው ስፍራ ነው። ፈሳሹ ሲበረታ በአንድ ሰኮንድ 2 ሜትር ያህል ይሄዳልና ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ፊት ለፊት ሊያሸንፈው አይችልም።

በአውስትራሊያ አገር፥ በሲድኒ ከተማ፥ ቦንዳይ የሚባል የባሕር ዳር አለ። ጥር 29 ቀን 1930 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938፥ ዕለቱ እሑድ ነበረና እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ወረደ። ብዙዎችም በውሃው ውስጥ በአሸዋ ጉብታ ላይ ቆመው ሲጫወቱ ታላላቅ ማዕበሎች በድንገት ተከታትለው መጡ፤ ውሃውም ሲመለስ ሰዎቹን ጠራርጎ ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው። ሕይወት አዳኞች ግን በዚያ ነበሩና ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው ገቡ፤ ጓደኞቻቸውም ገመዱን ከዳር ሆነው ይስቡ ነበር። እንዲህም ከ200 በላይ ሰዎችን አወጡ፤ 5 ሰዎች ግን ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ጥቂት ቀደም ብሎ እግራቸው መሬት ረግጦ ነበር።

እንግዲህ ወደ ባሕር የሚገባ ዓሣ አጥማጅ ይህን ሕግ ይጠብቅ።

1ኛ፤ ከመግባቱ በፊት በዳር ቆሞ ባሕሩን ለብዙ ደቂቃ ይመልከት። ዐረፋና አሸዋ ወደ ውስጥ ሲወሰድ ካየ በዚያ አይግባ።

2ኛ፤ ብቻውን አይሂድ፤ ከጉልበቱ በላይም አይግባ።

3ኛ፤ ለባሕር ጀርባውን አይስጥ። ትንንሾቹ ማዕበሎች ካለፉ በኋላ ታላቁ ይመጣልና።

4ኛ፤ እግሩን ሳያነሣ በአሸዋው ላይ እየጎተተ ይራመድ። በጅራቱ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ በአሸዋ ውስጥ ይተኛል፤ የእግሩን ንቅናቄ ሲሰማ ይሸሻል፤ ሲረገጥ ግን ይወጋል።

5ኛ፤ የባሕርን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ይወቅ። ባሕር በብዙ ስፍራ በ25 ሰዓት ያህል ውስጥ 2 ጊዜ ሞልቶ 2 ጊዜ ይጎድላል። በጉድለት ጊዜ በእግር የተኬደበት መንገድ በሙላት ጊዜ ጥልቅ ውሃ ይሆናል።

6ኛ፤ መንጠቆው በድንጋይ ቢያዝ ፈትሉን ይቁረጠው እንጂ ተከትሎት አይግባ። መንጠቆ በገንዘብ ይገዛል፤ ነፍስ ግን አትገዛም።

ምናልባት ፈሳሹ ቢወስደው ምን ያድርግ? ይህ ፈሳሽ ሰውን ወደ ሩቅ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። ብዙዎችን የሚገድላቸው ፍርሃትና ድካም ነው። ስለዚህ ከውሃው ጋር አይታገል፤ በጀርባው ይንሳፈፍ፤ እጁን አንሥቶ ይጩኽ። ጉልበት ካለው ወደ ዳር ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይዋኝ፤ ፈሳሹም ሲለቀው ከማዕበሉ ጋር ይመለስ። በዳር ያለውም ሰው ደንግጦ ዘሎ አይግባ፤ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ይጣልለት፤ ሕይወት አዳኞችንም ይጥራ። አንዱን ለማዳን ያለ ጥበብ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሙት ሆኗልና።

ልጆች ሆይ፤ ጴጥሮስ በባሕር ላይ መስጠም በጀመረ ጊዜ ለመጮህ አላፈረም፤ ስለ ጮኸም እጅ ተዘረጋለት። ኃጢአትና ክፉ ልማድም እንደዚያ ጸጥ ያለ ውሃ ናቸው፤ ጉልበት እስኪደርሱ ያስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ይወስዳሉ። በጊዜ የሚመለስ ፈሪ አይባልም፤ ብልህ ይባላል እንጂ።

ጥያቄ። ጸጥ ያለው ውሃ ስለ ምን ያስፈራል? መንጠቆ ቢያዝ ምን ማድረግ ይገባል? በውሃ የተወሰደ ሰው ስለ ምን ከፈሳሹ ጋር መታገል የለበትም?