ታድሶ አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር፦ ከየት ይጀመራል?

ሞተሩ ወርዶ፣ ፒስተንና ፋሻው ተቀይሮ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ባሕር ዳር ወደብ ተመልሷል። ገመዱ ሃያ ጊዜ ቢሳብም አይነሳም። በዚህ ጊዜ ለብዙ ባለጀልባ ቀድሞ የሚታየው «ሥራው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይፈታ» የሚለው ነው። እባካችሁ አትፍቱት። ከእድሳት በኋላ እንቢ ያለ ሞተር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ በነካው ቀላል ቦታ ላይ ነው፤ ሽቦ፣ ማሳ፣ ብሎን። የማወራው ጀልባ ኋላ ስለሚንጠለጠለው፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ ስለሚጠጣው፣ ባትሪ ሳይፈልግ ከቮላኖው በሚያገኘው ካረንት ስለሚሠራው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው።

በቅድሚያ የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ ይግባ። በርሜል ከሆነ ፕሮፔለሩን አውልቁ። የውሃ ፓምፑ ጎማ ያለ ውሃ ከተሽከረከረ ወዲያው ይበላሻል። እምቦጭ የሞላበት ዳርም አይሆንም፣ የውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል። ማርሹን ዜሮ አድርጉ።

ቀጥሎ ካረንቱን እንይ። ሁለቱንም ካንዴላ ፈትታችሁ ገመዳቸው ላይ መልሱና የካንዴላዎቹን ብረት ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር በሽቦ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በእጅ እንዳትይዙ፤ የሚፈልቀው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው። የካንዴላ ገመድ ክፍት ትቶ መሳብም ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክ ሣጥን፣ ሲዲአዩን፣ ሊያቃጥለው ይችላል። ጄሪካኑ ራቅ ይበል፤ የካንዴላ ቀዳዳዎቹንም በጨርቅ ሸፍኑ፣ የሚወጣው ትነት ይቀጣጠላልና። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ገመዱን ፈጠን አድርጋችሁ ሳቡ። ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ ደህና ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው።

ሁለቱም ጋ ምንም ከሌለ መጀመሪያ ማጥፊያውን ጠርጥሩ። ነጂው እጁ ላይ የሚያስረው ቀይ ገመድ ቁልፉ ቦታው ላይ አለ? ካለ፣ ከማጥፊያው ወደ ሲዲአይ የሚሄደውን ሽቦ ነቅላችሁ ሞክሩ። እነዚህ ሞተሮች የሚጠፉት ያ ሽቦ ማሳ ሲነካ ስለሆነ፣ የተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር ከተነካካ ሞተሩ ሁልጊዜ «ጥፋ» እንደተባለ ነው። ሽቦው ሲነቀል ብልጭታው ከመጣ ጥፋቱን አገኛችሁት።

ካልመጣ ወደ ማሳው ሂዱ። እዚህ ቦታ ላይ ረጋ በሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ያንከራተተኝን ሞተር አልረሳውም። ቦቢናውና ሲዲአዩ ተቀይረው ለውጥ የለም። በመጨረሻ የማሳውን ሽቦ ብሎን ፈትቼ ቀለበቷን ሳነሳ፣ ከሥሯ አዲሱ ግራጫ ቀለም ምንም ሳይጫር እንዳለ ቁጭ ብሏል። ቀለም ካረንት አያሳልፍም። በካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፣ ብሎኑን መለስኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስስበው ተነሳ። ቀለም የተቀባ ሞተር ላይ እያንዳንዱን የማሳ ብሎን ፍቱና ሥሩን እዩ። ከቮላኖው ሥር የሚወጡት ሽቦዎችም ሲገጠም ተጨፍልቀው ከሆነ ፈልጉ።

ብልጭታው አንዱ ሲሊንደር ላይ ብቻ ከጠፋ ካንዴላዎቹን፣ ቀጥሎም ቦቢናዎቹን አቀያይሩ። ጥፋቱ ከዕቃው ጋር ከተዛወረ ጥፋተኛው ዕቃው ነው። ሳትፈትሹ ዕቃ አትግዙ።

ብልጭታው ጥሩ ሆኖ ሞተሩ ገመዱን ከእጅ የሚነጥቅ ወይም በካርቡራተሩ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ጉዳዩ የሰዓቱ ነው። ሁለቱ የካንዴላ ገመዶች ተቀያይረው እንደሆነ እዩ፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ካልሆነ ቮላኖው ይነሳ። ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የምታስማማው ግማሽ ጨረቃ የመሰለችው ቻቤታ በጥቂቱ እንኳ ከተቆረጠች ካረንቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል። ሲመለስ የክራንኩ ሾጣጣ ጫፍ ከዘይት የጸዳና ደረቅ ይሁን፣ ዳዶውም የሞተሩ መጽሐፍ በሚለው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ። ቻቤታዋን የሚቆርጣት የላላ ዳዶ ነው።

ካረንቱ ከተስተካከለ በኋላ ቤንዚኑን እዩ። ከታንኩ ላይ በግልጽ ብርጭቆ ቅዱና አስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። የታንኩ መተንፈሻ ክፍት፣ በእጅ የሚጨመቀው ኳስ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ሞተሩ ያመለከተ ይሁን። በአዘቦቱ 50 ለ 1 የሚደባለቅ ሞተር ታድሶ ሲለማመድ ብዙ ጊዜ 25 ለ 1 ይታዘዝለታል፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 800 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ ሲበዛ ጭስ ይኖራል፣ ካንዴላም ቶሎ ይጠቁራል። በዚያ ላይ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ረጥቦና ጠቁሮ ከወጣ ሞተሩ ጠጥቷል፤ ቾኩን መልሱ፣ ካንዴላዎቹን ካወጣችሁ በኋላ ገመዶቻቸውን ማሳ አስራችሁ ደጋግማችሁ በመሳብ ሲሊንደሩን አድርቁት፣ ደረቅ ካንዴላ ግጠሙ።

ሌላው ከፍታው የሚያሳስተን ኮምፕሬሽን ላይ ነው። የአየር ግፊቱ እዚህ ከባሕር ወለል ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ባሕር ወለል ላይ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ሞተር ጣና ዳር 95 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። አዲስ ፋሻም እስኪለማመድ ትንሽ ያንሳል። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ሞተር ያስፈቱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ይልቅ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍታችሁ ሁለቱን ሲሊንደሮች ለኩና አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ብዙ ካለፈ ያኔ የቴስታታውን ጓርኒሲዮንና ፋሻውን መጠርጠር ይገባል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ በካርቡራተሩ ጥቂት ድብልቅ ሲንጠባጠብለት ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ወይ ቤንዚን አይደርሰውም፣ ወይ ከክራንኩ ቤት አየር ይስባል። ፓምፑና ካርቡራተሩ ንጹሕ ከሆኑ የክራንኩን የዘይት መያዣ ጎማዎች ማየት ይቀራል። ጋራዥ የሚመለሰው ያኔ ነው።

ሲነሳ መጀመሪያ ከጎኑ የምትወጣውን የውሃ ቀጭን ጅረት እዩ። ካልወጣች ወዲያው አጥፉ። ለሙከራ የነቀላችሁት የማጥፊያ ሽቦ ከሆነ ሞተሩ በማጥፊያው አይጠፋም፤ ቾኩን በመዝጋት አንቃችሁ አጥፉት። ከዚያ ሽቦውን ጠግናችሁ ግጠሙ፣ ሞተሩን እንደገና አስነሱና ቀዩን ገመድ ሳቡ። ቀጥ ብሎ ካልጠፋ ከዳር አትውጡ፤ የከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ውሃ ውስጥ የወደቀ ነጂን ከሚዞር ፕሮፔለር የሚያድነው ያ ገመድ ነው።